ከማኅተሙ በኋላ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

እንደወትሮው ቀድሜ ገባሁ። የመዝገብ ክፍሉን መስኮት ከፈትኩ፣ የሰርቨሩን አቧራ በጨርቅ ጠረግሁ። አመል ነው። ከጽዳት ወደ መዝገብ ካለፍኩ ዘጠኝ ዓመቴ፤ እጄ ግን ጨርቅ ካየ ዝም አይልም።

አርባ ሁለት የውሃ ናሙና ገባ። የአርባ ሁለቱም ውጤት ተመዘገበ፣ ታሸገ። ሌላ ምንም የለም።

ጠዋት ከቤት ሳልወጣ ለመጋረጃው መስኮቱን ለካሁ። ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ለእህቴ ላክሁላት። እስከ እሁድ ሰፍታ ታመጣለች። የእሷ እሁድ መቼ እንደሆነ እናያለን...

አዲሷ መርማሪ ዛሬም ስገባባት ስክሪኗን ዘጋች። ለምን?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

እንደገና ዘጋች። አራት ወር ሆናት ከመጣች። ናሙና መርማሪ ናት፤ ሥራዋ መመርመር እንጂ መደበቅ አይደለም።

ደግሞ ዛሬ መጥታ፦ "እትዬ፣ ከስድስት ዓመት በፊት የነበሩት ፋይሎች አሁንም አሉ?"

"ምን ሊያደርጉልሽ?"

"የምሥራቁን ማጠራቀሚያ የድሮ ውጤት ከአሁኑ ጋር ላስተያየው ብዬ ነው።"

"በደብዳቤ ይጠየቃል" አልኳት። እሺ ብላ ሄደች። ቶሎ እሺ ያለ ሰው አይጥመኝም። ስንት ዓመት እያለ፣ ለምን በትክክል ስድስት?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ነገሩ ፈነዳ።

የምሥራቁ ማጠራቀሚያ ውሃ ባለፈው ሳምንት ንጹህ ነው ተብሎ ወጥቷል። የመረመረችው አዲሷ። ከሦስት ቀን በኋላ ሌላ ቤተ ሙከራ ሲያየው ንጹህ አይደለም። ኃላፊው አስጠራኝ።

"ያቺን ፕሮግራምሽን አውጪያት" አለኝ።

ፕሮግራሟን የጻፍኳት ራሴ ነኝ። ጽዳት ሳለሁ ከወረቀት ቅርጫት እያነሳሁ ባነበብኳቸው መመሪያዎች፣ ባለቤቴ ከጥገና ባመጣልኝ አሮጌ ኮምፒውተር። ሥራዋ አንድ ነው፦ እያንዳንዱን ፋይል "መጨረሻ የተነካኸው መቼ ነው?" ብላ ትጠይቃለች። ሌላው ዝርዝር እስከ ሰከንድ ብቻ ነው የሚናገረው። የእኔ ግን ሰከንዷን እስከ ናኖ ሰከንድ ትሰነጥቃለች። አንድ ሰከንድ ለአንድ ቢሊዮን ሲካፈል ማለት ነው።

ይህ ለምን ይጠቅማል? መርማሪ "ዝጋ" ሲል መጀመሪያ የውጤቱ ፋይል ይቀመጣል፣ ተከትሎ የማኅተሙ ፋይል። በመካከላቸው የዓይን ጥቅሻ አይሞላም፤ ሁለቱም አንድ ሰከንድ ውስጥ ይወድቃሉ። ከማኅተሙ በኋላ ውጤቱን መንካት ክልክል ነው። የተነካ እንደሆነ ናኖ ሰከንዱ ያወጣዋል።

አወጣሁት። ከነጥቡ በፊት ሰከንዱ ነው፣ ከነጥቡ በኋላ ትራፊው።

ውጤት 27.38412907
ማኅተም 27.214650113

ሠላሳ ስምንት ከሃያ አንድ ይበልጣል። ውጤቱ ከማኅተሙ በኋላ።

"አየሽ!" አለ ኃላፊው ጠረጴዛውን እየመታ። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ!" ይህችን ተረት ለሁሉም ነገር ይጠቀምባታል፤ ለዝናብም።

እኔ አልገረመኝም። የምትዘጋው ስክሪን እዚህ ላይ ነው የሚያደርሰው...

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ስለ ረጅሙ እዚህ ደብተር ላይ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ካልጻፍኩ ግን መቼም አልጽፍም።

ረጅሙ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዬ ነው። አሁን አዲሷ የተቀመጠችበት ወንበር ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል። ከስድስት ዓመት በፊት እንዲሁ የአንድ ጉድጓድ ውሃ ውጤት አጠያየቀ። እንዲሁ "ፕሮግራምሽን አውጪ" ተባልኩ። እንዲሁ በአንድ ሰከንድ ውስጥ፣ ውጤቱ ከማኅተሙ በኋላ። ኮሚቴው ፊት ቆሜ ቁጥሩን ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ።

ተባረረ።

ባለቤቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ የወንድሙን ስም አላነሳም። "ሰው በሚጠጣው ውሃ የሚያጭበረብር ወንድም የለኝም" አለ፣ በቃ። ሁለት ዓመት ሳይነጋገሩ ቆዩ። ከዚያ ባለቤቴ ታመመ። ከዚያ ሞተ። በቀብሩ ዕለት ረጅሙ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነበር። ከሰው ሁሉ በላይ አንገቱ ይታያል፤ የት ሊደበቅ። አየሁት። አልጠራሁትም።

ያነበብኩት የተጻፈውን ነው። ታዲያ ለምንድን ነው አራት ዓመት ሙሉ ያ አንገት የሚታየኝ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ስብሰባ። ኃላፊው፣ የአስተዳደሯ ሴትዮ፣ አዲሷና እኔ።

"አንብቢላት" አለኝ። አነበብኩ።

አዲሷ ፊቷ አመድ መሰለ። "እትዬ... በአንድ ሰከንድ ውስጥ የማን እጅ ነው የሚደርሰው?"

ረጅሙም ያን ቀን ያለው ይህንኑ ነው። ቃል በቃል! እንዴት አወቀችው? ይተዋወቃሉ? እሱ ነው የላካት?

ኃላፊው ሳቀ። "እጅ ማን አለ? ቀድመሽ ትዕዛዝ ጽፈሽ ታስቀምጫለሽ፣ ማኅተሙ ሲወርድ ጠብቆ ቁጥሩን ይለውጥልሻል።"

"እኔ? እንኳን ትዕዛዝ ልጽፍ፣ ፕሪንተሩ ወረቀት ሲነክስ እንኳ እትዬን አይደል የምጠራው!"

የአስተዳደሯ ሴትዮ በእጇ አፏን ከደነች። እኔ ግን አልሳቅሁም። "ታዲያ ስገባ ስክሪንሽን የምትዘጊው ምን ይዘሽ ነው?" አልኳት።

አንገቷን ደፋች። "ትምህርት ነው።"

"የምን ትምህርት?"

"ፕሮግራም አጻጻፍ... እትዬ ከወረቀት ቅርጫት አንስተው ነው የተማሩት ሲሉ ሰምቼ... ገና የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ነኝ። እንዳይስቁብኝ ብዬ ነው።"

"ይኸው!" አለ ኃላፊው። "ራሷ አመነች።"

ውሳኔው የፊታችን ዓርብ ነው። እስከዚያ ናሙና እንዳትነካ ተባለች። ስትወጣ አየችኝ። አልተቆጣችም... ምነው በተቆጣች።

በሽንገላ ልትይዘኝ ነው? ወይስ እውነቷን ነው?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

የማይገባ ነገር አደረግሁ። ረጅሙ የፓምፕ ጥገና ሱቅ ከፍቷል ይባላል፤ ከሱቁ ፊት ለፊት ከጫማ ቤቱ ጥግ አንድ ሰዓት ቆምኩ። አዲሷ ትመጣ እንደሆነ ብዬ።

አልመጣችም። አንድ ሰውዬ ፓምፕ ተሸክሞ ገባ፣ ተሸክሞ ወጣ። ጫማ ሻጩ "እናቴ፣ የሚጠብቁት ሰው ነው ወይስ ቅናሽ?" አለኝ። አፍሬ የማልፈልገውን የጫማ ክር ገዛሁ።

ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ቃል ሊናገሩ ይችላሉ? እንዴት አይችሉም... አንድ ነገር የደረሰባቸው ከሆነ።

እሁድ፣ ጥቅምት 10

እህቴ መጋረጃውን ይዛ መጣች። በእሁዱ! የመጋረጃው ብረት ገና ስላልተሰቀለ ወንበር ላይ ወጥታ ከመስኮቱ አናት ያዘችው።

ኧረ ጉድ። መሬት ደርሶ፣ ተርፎ፣ ወለሉ ላይ ተከመረ።

"የሙሽራ ቀሚስ ነው እንዴ ያዘዝሽኝ?" አለች።

"አንቺው ነሻ የሰፋሽው!"

"የሰፋሁት የጻፍሽውን ነው። ይኸው ብጣሽሽ። አመልሽን ስለማውቅ ነው በመርፌ ሰክቼ ያስቀመጥኳት።"

የእኔ ጽሕፈት። ቁመት 2.5

"ሁለት ሜትር ከአምስት ሳንቲም እኮ ነው" አልኳት።

"ከአምስት ሳንቲም ከሆነ ዜሮዋስ? ሁለት ነጥብ ዜሮ አምስት ይባላል። ሁለት ነጥብ አምስትማ ሁለት ሜትር ተኩል ነው። አንቺ ደግሞ ሌት ተቀን መጽሐፍ ላይ ተደፍተሽ..."

ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ አፌ ላይ ቀረ።

ዜሮዋስ?

"ምነው ደነገጥሽ? አርባ አምስት ሳንቲም ብቻ ነው። ማሳጠር ቀላል ነው፤ የሚያቅተው ማስረዘም ነው።"

ሻይዋን ሳትጨርስ ሸኘኋት። ተቀየመች። ትቀየም። እግዜር ያድርገውና የተሳሳትኩት አሁን ይሁን...

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ማንም ሳይገባ ወረቀቱን ዘርግቼ በጣቴ ቆጠርኩ። የማኅተሙ ከነጥብ በኋላ ዘጠኝ አሃዝ። የውጤቱ ስምንት። ደግሜ ቆጠርኩ። ስምንት።

መመሪያውን ከመደርደሪያ አወረድኩ። የድሮው፣ ከቅርጫት ያነሳሁት፣ ጠርዙ ላይ የሻይ ክብ ያለበት። እዚያው አለ። ኮምፒውተሩ ጊዜን በሁለት ሳጥን ነው የሚሰጠው። በአንዱ ሙሉ ሰከንድ፣ በሌላው ትራፊው በናኖ ሰከንድ ተቆጥሮ። እኔ ሁለቱን አነሳሁና በመካከል ነጥብ አደረግሁ። በቃ። ትራፊው ሠላሳ ስምንት ሚሊዮን ምናምን ከሆነ ስምንት አሃዝ ብቻ ነው። ነጥብ ላይ ሲለጠፍ ዘጠኝ ቦታ እንዲሞላ ከፊቱ ዜሮ ይፈልጋል። እኔ ዜሮዋን አላስቀመጥኩም።

27.38 አይደለም። 27.038 ነው። ከ27.214 በፊት።

ውጤቱ ከማኅተሙ በፊት ነው። ልጅቷ ምንም አልነካችም።

የረጅሙን ዶሴ አወጣሁ። ስድስት ዓመት ያልከፈትኩት።

ውጤት 51.61970244
ማኅተም 51.402118530

ቁጠሪ እንግዲህ። ስምንት። ዘጠኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ፕሮግራሟን አስተካከልኩ። ዘጠኝ ቦታ ሙዪ፣ ባዶውን በዜሮ፣ የምትል አንዲት ምልክት። ለመጻፍ የአንድ ትንፋሽ ጊዜ አልፈጀችም።

የስድስት ዓመቱን ፋይል ሁሉ በአሮጌዋም በአዲሷም አወጣሁ። አሮጌዋ "ከማኅተሙ በኋላ" እያለች በሐሰት የከሰሰቻቸው ሠላሳ አንድ ናቸው። ከእነሱ ሁለቱን የዘጋው ኃላፊው ራሱ ነው፣ በቀረ መርማሪ ፈንታ ሲሠራ። ማንም አላየንም፣ ምክንያቱም ማንንም ካልጠረጠርን አናወጣም። አስቀድመን እንጠረጥራለን፤ ከዚያ ቁጥር እንፈልግለታለን። ዘጠኝ አሃዝ ያየ ሰው ደግሞ እንኳን ሊጠይቅ፣ ኮፍያውን ያወልቃል።

አሁን ሌላውን ልጻፍ። ደብተር ለምን ይያዛል ታዲያ።

ያን ቀን ኮሚቴው ፊት ስቆም የረጅሙ መስመር ከሌላው ማጠሩን አይቻለሁ። በዓይኔ። መጨረሻዋ በአንድ አሃዝ ገባ ብላ ነበር። "ምንድን ናት?" ብዬ ነበር ለራሴ። ግን ዝም አልኩ። ለምን? ከጽዳት ወደ መዝገብ ያለፍኩ ሰሞን ረጅሙ በሰው ፊት "ታዲያ መጥረጊያውን ማን ተረከባት?" ብሎ ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀ። ባለቤቴም ፈገግ አለ። ያን ቀን ቁጥሩን ሳነብ ድምፄ ከፍ ያለው ለዚያ ነው። ደስ ብሎኝ ነበር። ይኸው፣ ተጻፈ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ለኃላፊው ነገርኩት። ወረቀቶቹን አላየም፤ እኔን አየ።

"አንዲት ዜሮ!"

"አዎ፣ አንዲት ዜሮ።"

"እና የስድስት ዓመት ሬሳ ልታወጪ ነው? ስሚ፣ ፕሮግራሙን የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ስህተት ነው ካልሽ ጥፋቱ የማን ነው? የመዝገብ ክፍሉን ቁልፍ የምታስረክቢው አንቺ ነሽ። ተይው። ልጅቷ ወጣት ናት፣ ሌላ ሥራ አታጣም።"

"ስለ ረጅሙም ያኔ የተባለው ይኸው ነበር።"

በሩን ዘጋ። ቀስ ብሎ "ማን ነው የላከሽ?" አለኝ።

ሳቄ መጣ። ባለፈው ሳምንት እኔም ስለ ልጅቷ ያልኩት ይህንኑ ነው። ማን ነው የላከሽ! የጠረጠረ ሁሉ አንድ አፍ ነው ያለው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ቁልፌን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ጀመርኩ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ሁለቱን ሳጥን ነገርኳቸው፤ አልገባቸውም። የአስተዳደሯ ሴትዮ "ናኖ ምን?" አለች። መጋረጃውን ነገርኳቸው። ገባቸው።

"ይህ የእሷ ግምት ነው" አለ ኃላፊው።

"እንግዲያው በአሮጌዋ ፕሮግራም እንሂድ" አልኩ። "በእሷ ከሄድን እርስዎም ሁለት ጊዜ ከማኅተም በኋላ ነክተዋል። ቀኑ ይኸው፣ ሰዓቱ ይኸው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ የማን እጅ ደረሰልዎት?"

ተረቱን እንኳ አልተረተም።

"የውሃው ልዩነትስ?" አለች ሴትዮዋ። አዲሷ እጇን እንደ ተማሪ አወጣች። "ናሙናዎቹ የተቀዱት በተለያየ ቀን ነው። ማጠራቀሚያው ከተሠራበት ከስድስት ዓመት ጀምሮ ውሃው በቀናት ልዩነት እንዲህ ይለዋወጥ እንደሆነ ለማየት ነበር የድሮውን ውጤት የጠየቅኋቸው።" የጠየቀችው እኔን ነበር። እኔም በደብዳቤ ይጠየቃል ብያት ነበር...

ልጅቷ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የረጅሙ ዶሴ እንደገና ይታይ ተባለ። እኔ ከመዝገብ ተነስቼ ወደ ጠርሙስ እጥበት። ቁልፉን ሴትዮዋ ወሰደችው። አልተከራከርኩም።

በኮሪደሩ አዲሷ ደረሰችብኝ። "እትዬ፣ አመሰግናለሁ።"

"አታመስግኚኝ። የስክሪንሽን ነገር ያነሳሁት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አለች። ቀጥላም "ሁለተኛው ምዕራፍ አልገባኝም" አለችኝ።

እሁድ፣ ጥቅምት 17

ሄድኩ። ረጅሙ ተጎንብሶ ሞተር ይፈታ ነበር። ቀና ሲል ጸጉሩ ጣሪያውን ነካ። ሸብቷል።

"ማን ሞተ?" አለ።

"ማንም።"

"ታዲያ ምን አመጣሽ?"

ሁለቱን ወረቀት ሰጠሁት። አሮጌውንና የታረመውን። ጎን ለጎን ይዞ አሃዞቹን ቆጠረ። ጣቱ በዘይት የቆሸሸ ነው፤ ዜሮዋ ላይ አሻራው ቀረ።

"ይቺ ናት?"

"እሷ ናት።"

"ወንድሜ ይህን ሳያይ ሄደ።"

"አዎ።"

ከዚያ ያልጠየቀኝን ነገርኩት። መስመሩ ማጠሩን እንዳየሁ። ስለ መጥረጊያው። ደስ ብሎኝ እንደነበር።

"መጥረጊያ? እንዲያ ብዬ ነበር?"

አያስታውሰውም! እኔ እንደ ማተብ አንገቴ ላይ ያሰርኩትን ቂም፣ እሱ ተናግሮት ረስቶታል።

ፊቱን ወደ ሞተሩ አዞረ። "ሂጂ አሁን። ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው።"

ሱቁ ውስጥ ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ሁለት መቶ ሠላሳ ጠርሙስ። እጄ ጨርቁን አገኘ፣ ደስ ብሎታል። አዲሷ በምሳ ሰዓት ደብተሯን ይዛ መጣች። ሁለተኛውን ምዕራፍ ጨረስን። ስክሪኗን አትዘጋም አሁን፤ እኔም አላይባትም።

እሁድ፣ ጥቅምት 24

በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ረጅሙ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በእጁ መሰርሰሪያ።

"መጋረጃዋ ካጠረችም በኋላ ያለ ብረት ቀርታለች አለችኝ እህትሽ።"

እህቴ! ምን ልትፈልግ ሱቁ ሄደች? ማን ነው የላካት... ኧረ እንዲያው ዝም ልበል።

ገባ። የባለቤቴን ፎቶ ሲያይ ቆመ። መሰርሰሪያውን መሬት አስቀመጠ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ያልቆሸሸ ኩባያ አጠብኩ። ስመለስ ከደረት ኪሱ ደብዳቤ አውጥቶ ፎቶው ሥር አኖረ። ዶሴው ተዘግቷል፣ ጥፋት አልተገኘበትም ይላል። ተመለስ ብለውታል። "አልመለስም" አለ፤ ለእኔ ይሁን ለፎቶው አላወቅሁም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ይቅር አላልኩሽም።"

"አውቃለሁ።"

"መጋረጃው ግን መሬት አይጎተት። ቁመቱ ስንት ነው?"

"ሁለት ነጥብ ዜሮ አምስት።"

"ድገሚው።"

"ሁለት ነጥብ ዜሮ አምስት።"

አላመነኝም። ሜትሩን ከኪሱ አወጣ፤ ወንበር አላስፈለገውም፤ ከመስኮቱ አናት እስከ ወለሉ ራሱ ለካ። ተጎንብሶ ቁጥሩን አየ። ደግሞ አየ። ጆሮው ላይ የሰካውን እርሳስ አወረደ።

"ልክ ነሽ" አለ፣ ግድግዳው ላይ ምልክት እያደረገ።